ሁለት ሰዎች «እግዚአብሔር ተናገረኝ» ብለው ተቃራኒ ነገር ሲነግሩን

ምሕረት ፈላጊ

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ምክራችሁን የምሻው ብቻዬን ይዤው በቆየሁት ጉዳይ ላይ ነው፤ ረዘም ቢልም በትዕግሥት እንድታነብቡልኝ እለምናለሁ።

በነርስነት ሙያ እሠራለሁ። ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን የሚያሳድግ አንድ ክርስቲያናዊ አገልግሎት ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ከእነርሱ ጋር እንዳገለግል ጠየቀኝ። ነገሩ ልቤን ስለ ነካው መጸለይ ጀመርኩ፤ አብረውኝ እንዲጸልዩም ለማምናቸው ሰዎች ነገርኳቸው። ከእነርሱ መካከል በጸሎት ሕይወታቸው ሁላችንም የምናከብራቸው አንዲት እናት አሉ። አንድ ምሽት ጸሎት ጨርሰን ስንነሣ እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙና ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ሂጂ ይልሻል፤ በሩን እኔው ከፍቼዋለሁ ይላል» አሉኝ። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ይወርድ ነበር፤ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ፤ ጉዳዩም በዚሁ ያለቀለት መሰለኝ። ጥቂት ቆይቼ የጉባኤያችንን መጋቢ ሳማክራቸው ግን ለአፍታ ዝም ካሉ በኋላ «ስለ አንቺ ስጸልይ ነበር፤ ጌታ ጊዜው አይደለም፣ ባለሽበት ቆዪ ብሎኛል። አሻፈረኝ ብለሽ ብትሄጂ ከመንፈሳዊ ሽፋን ውጪ ትሆኛለሽ» አሉኝ፤ ሽፋን የሚሉት በመጋቢ ጸሎትና ጥበቃ ሥር መሆንን ነው።

ሁለቱም እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ይወዱኛል። ይሁን እንጂ እግዚአብሔር በአንድ ጊዜ ሂጂም ቆዪም አይለኝም። እኔ ራሴ ስንበረከክ ደግሞ የሚሰማኝ የሁለቱ ሰዎች ድምፅ ነው፤ የአንዱ ሲያባራ የሌላው ይተካል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። የእግዚአብሔርን ድምፅ ከሚወዱኝ ሰዎች ምኞትና ስጋት በምን እለየዋለሁ? በስሙ የተነገረኝን ቃል ሳልቀበል ብቀርስ በእርሱ ላይ ማመፄ ይሆን?

የቤርያ ሰው

እህቴ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ፍርሃቱ ካልተነሣልሽ የመጀመሪያውን በሰከነ ልብ ልታስቢው አትችዪምና። በእግዚአብሔር ስም የተነገረን ቃል መመርመር ዐመፅ አይደለም፤ እንዲያውም የታዘዝነው ነገር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች «ትንቢትን አትናቁ» ካለ በኋላ ወዲያው «ሁሉን ፈትኑ» ብሏቸዋል። ለቆሮንቶስ ሰዎችም ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገሩ፣ ሌሎቹም የተነገረውን ይለዩ ብሎ ጽፏል። አልመዘንም የሚል ትንቢት በሐዋርያት ጉባኤ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 13 የበለጠ የሚያስደነግጠኝ ታሪክ የለም። ከይሁዳ ወደ ቤቴል የተላከው የእግዚአብሔር ሰው በዚያ እንጀራ እንዳይበላ፣ ውኃ እንዳይጠጣ፣ በሄደበትም መንገድ እንዳይመለስ በግልጽ ታዝዞ ነበር። ንጉሡ ኢዮርብዓም ሊያስይዘው እጁን ሲዘረጋ እጁ ደረቀች፤ በሰውየው ጸሎት በዳነች ጊዜ ደግሞ ወደ ቤቱ ጋብዞ ስጦታ ሊሰጠው ወደደ። እርሱ ግን የቤትህን እኩሌታ ብትሰጠኝ እንኳ አልገባም አለ። ዛቻውንም ስጦታውንም ያለፈ ይህ ሰው፣ በመንገድ ላይ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ሽማግሌ ነቢይ መጥቶ እኔም እንደ አንተ ነቢይ ነኝ፣ መልአክም በእግዚአብሔር ቃል መልሰህ አምጣው ብሎኛል ሲለው፣ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ ተከተለው። መጽሐፉ ዋሸው ብሎ ያልፋል እንጂ ሽማግሌው ስለ ምን እንደ ዋሸ አይነግረንም። ሰውየው በልቶና ጠጥቶ ሲመለስ አንበሳ በመንገድ ላይ ገደለው።

ይህን የጠቀስኩት መጋቢሽን ወይም እኚያን እናት በውሸት ለመጠርጠር አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም። ደግሞም ያ ሰው ከእግዚአብሔር አስቀድሞ የተቀበለው ግልጽ ትእዛዝ ነበረው፤ አንቺ ግን እስካሁን የለሽም፤ ስለዚህ «ሂጂ» ወይም «ቆዪ» የሚለውን ከዚህ ምዕራፍ ልታወጪ አትችዪም። ከዚህ የምትወስጂው የተናጋሪው ዕድሜ፣ ማዕርግም ሆነ የመልአክ ስም መጠራቱ ነገሩን መልሰሽ እግዚአብሔርን ከመጠየቅ ነፃ እንደማያወጣሽ ብቻ ነው።

ቃሉ ብቻ

ከላይ የተጻፈውን አከብራለሁ። ነገር ግን ችግሩ ከሥሩ የሚጀምረው፣ እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ የሥራና የመኖሪያ ውሳኔያችን የተለየ ቃል በሰው አፍ ይልክልናል ብለን ከመጠበቃችን ይመስለኛል። የዕብራውያን መልእክት መክፈቻ እግዚአብሔር በቀደመው ዘመን በነቢያት ከተናገረ በኋላ በልጁ እንደ ተናገረን ይነግረናል፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 3 ደግሞ ቅዱሳት መጻሕፍት የእግዚአብሔርን ሰው ለበጎ ሥራ ሁሉ ለማዘጋጀት እንደሚጠቅሙ ይመሰክራል። እንግዲህ በዚህ ሚዛን ብንመዝነው ሁለቱም ሰዎች የነገሩሽ ምክር ነው። «ጌታ ይላል» የሚለው መቅድም ምክሩን ወደ ትእዛዝነት አያሳድገውም።

የታመሙትን መጠየቅ በማቴዎስ 25 የተመሰገነ ሥራ ነው፤ ወላጅ የሌላቸውን መርዳትም በያዕቆብ 1 ንጹሕ አምልኮ ተብሏል። ሁለት መልካም መንገዶች ከፊትሽ ስላሉ፣ ከኀጢአት ተጠብቀሽና ጥበብን ለምነሽ አንዱን ብትመርጪ እግዚአብሔር አይቆጣሽም። የእርሱን ፈቃድ በአንዲት ስሕተት ለዘላለም እንደሚያመልጥ ነገር አድርገን ስንስለው አባትነቱን እንረሳለን።

ጸጥታ

የልጆቼ እኩያ ስለምትሆኚ ልጄ ብዬሽ ልጀምር። በምክር አገልግሎት ላይ ረጅም ዘመን ኖሬአለሁ፤ እንዳንቺ ያለ ጭንቀት ይዞ የሚመጣው ሰውም ብዙ ነው።

ወንድማችን «ቃሉ ብቻ» የሚዛኑን ነገር በትክክል አስቀምጧል፤ ከመጽሐፍ ጋር የሚጋጭ ድምፅ ከየትም ቢመጣ የእግዚአብሔር አይደለም። ሆኖም በእርሱ መደምደሚያ ሙሉ በሙሉ አልረካም። በሐዋርያት ሥራ 13 መንፈስ ቅዱስ በርናባስንና ሳውልን ለሥራ ለዩልኝ ሲል፣ በምዕራፍ 16 ደግሞ ጳውሎስን በእስያ ቃሉን እንዳይናገር ሲከለክለው እናያለን። ሁለቱም ስለ ቦታና ስለ ሥራ የተሰጡ ምሪቶች ናቸው። የተናገረ አምላክ ዛሬ ዝም ብሏል ለማለት የሚያስገድደኝ ጥቅስ አላገኘሁም። ይልቅ የሚያስፈልገን የሰማነውን ከጨመርንበት ነገር መለየት ነው፤ ለዚህም ከሐዋርያት ሥራ 21 የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዝ በጢሮስ ያሉ ደቀ መዛሙርት ወደዚያ እንዳይወጣ በመንፈስ ነገሩት። በቂሣርያ ደግሞ ነቢዩ አጋቦስ መጥቶ የጳውሎስን መታጠቂያ ወሰደና የራሱን እጅና እግር አሰረበት፤ የዚህን መታጠቂያ ባለቤት አይሁድ በኢየሩሳሌም እንዲህ ያስሩታል፣ ለአሕዛብም እጅ አሳልፈው ይሰጡታል ብሎ የመንፈስ ቅዱስን ቃል ተናገረ። እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስተውዪ። አጋቦስ «አትሂድ» የሚል ቃል አልወጣውም። «አትሂድ» ያሉት የሰሙት ወዳጆች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ይህን ታሪክ የጻፈልን ሉቃስ ነበረበት፤ እኛም የዚያም ስፍራ ሰዎች ለመንነው ይላልና። ጳውሎስ ራሱ በምዕራፍ 20 እስራትና መከራ እንደሚጠብቀው መንፈስ ቅዱስ በየከተማው እንደሚመሰክርለት፣ ሆኖም በመንፈስ ታስሮ ወደዚያው እንደሚሄድ ተናግሮ ነበር። ሁሉም የሰሙት አንድ ነገር ነው፤ መታሰር አለ። ከዚያ ተነሥተው የደረሱበት ግን ለየቅል ነበር። የወዳጆቹን መደምደሚያ ያስገኘው ፍቅር ነው፤ ፍቅራቸውም እውነተኛ ነበር፤ ጳውሎስ ልቤን ትሰብራላችሁ እስኪላቸው ድረስ አለቀሱ። ነገር ግን እውነተኛ ፍቅር እንኳ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው ማለት አይደለም። ጴጥሮስም በማቴዎስ 16 አብ የገለጠለትን ታላቅ ምስክርነት በተናገረበት አፉ፣ በዚያው ምዕራፍ፣ ጌታውን ከመስቀል ሊያስቀር ሞክሮ ተገሥጿል፤ ያም ከፍቅር ነበር።

ስለዚህ «ጌታ እንዲህ አለኝ» የሚል ሰው ሲመጣ በአክብሮት የምትጠይቂው ጥያቄ አለ፦ ያዩት ወይም የሰሙት ምን ነበር? ከዚያስ ሂጂ ወይም ቆዪ ወደሚለው እንዴት ደረሱ? ቅን ሰው በዚህ ጥያቄ አይከፋም። ጳውሎስ ራሱ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 ጌታ ያዘዘውንና እርሱ የሚመክረውን እየለየ ይጽፋል፤ ስለ ደናግል ሲናገር የጌታ ትእዛዝ የለኝም፣ ነገር ግን ምክር እሰጣለሁ ይላል። ሐዋርያ ሆኖ ሳለ ምክሩን ምክር ብሎ ለመጥራት አላፈረም። እኛ አማካሪዎች ይህን ብንማር ስንት ነፍስ ባሳረፍን ነበር!

ታዛዥ ልጅ

የአባታችንን የ«ጸጥታ»ን ትምህርት በአክብሮት አነበብኩ። ነገር ግን ውይይቱ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ መሰለኝ። ዕብራውያን 13 ለዋኖቻችሁ ታዘዙ፣ ስለ ነፍሳችሁ ይተጋሉና ይላል። እህታችን መጋቢዋን መርማሪ ፊት እንደ ቀረበ ምስክር መጠየቅ ከጀመረች የሚተርፋት ጠባቂ ማን ነው? ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ በራሱ ጆሮ ብቻ የሚታመን ሰው ሲወድቅ የሚያነሣው የለም።

በግብፅ በረሃ የነበሩ አባቶችን ንግግር በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው ዮሐንስ ካሲያን፣ ከአባ ሙሴ የሰማውን የሄሮንን ታሪክ አስፍሮልናል። ሄሮን 50 ዓመት በበረሃ በታላቅ ተጋድሎ የኖረ መነኩሴ ነበር። ጾሙ እንዳይላላበት በመስጋት በትንሣኤ በዓል እንኳ ከወንድሞች ማዕድ አይቀርብም፤ የአባቶችንም ምክር አይሰማም። በመጨረሻ ሰይጣን እንደ ብርሃን መልአክ ተገልጦለት፣ ስለ ተጋድሎው ክብር ምንም እንደማይነካው አምኖ በሌሊት ራሱን ጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ጣለ። ወንድሞች በብዙ ድካም አወጡት፤ በሦስተኛውም ቀን ሞተ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንደ ተታለለ አላመነም። ሽፋን የሚለውን ቃል ከመናቃችን በፊት ይህን ብናስብ መልካም ነው።

ጸጥታ

ልጄ፣ ሄሮንን ማምጣትህ ተገቢ ነው፤ እኔም ብቻዋን ትወስን አላልኩም። ነገር ግን አባ ሙሴ በዚያው ንግግር የተናገሩት ሌላ ታሪክ አለ፤ እርሱንም አብረን እንስማው። አንድ ወጣት መነኩሴ በሥጋ ምኞት ተፈትኖ ሐሳቡን ለአንድ ሽማግሌ ገለጠ። ሽማግሌው መነኩሴ ልትባል አይገባህም ብሎ ክፉኛ ገሠጸው፤ ወጣቱም ተስፋ ቆርጦ ወደ ዓለም ሊመለስ ተነሣ። አባ አጵሎስ በመንገድ አግኝተው አጽናኑት፤ እርሳቸውም በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ፈተና እንዳለባቸው ነገሩት፤ ከዚያም ያ ፈተና ወደ ሽማግሌው እንዲዞር ጸለዩ፤ ሽማግሌውም ያን ጊዜ የወጣቱን ሕመም ቀመሰው። አባ ሙሴ ሽበት ያለው ሁሉ መካሪ እንዳይደለ ለማስተማር ነበር ይህን የተናገሩት። ምክርን ናቁ ከማይል አባት የመጣ ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለ ሽፋን የተነገራት ነገር የሚያሳስበኝም በዚህ ምክንያት ነው። ነቢያት አስጠንቅቀዋል፤ ኤርምያስ ሕይወቱን ሙሉ አስጠንቅቋል። ነገር ግን ያስጠነቀቀው የታወቀ ትእዛዝን ስለ መጣስ ነበር። በኤርምያስ 42 ሕዝቡ ወዴት እንሂድ ብለው ሲጠይቁት እንኳ ወዲያው አልመለሰላቸውም፤ የእግዚአብሔር ቃል የመጣለት ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ያን ያህል ጠበቀ። መጽሐፍ ባልከለከለው ነገር ላይ፣ ገና እየጸለየች ያለችን ነፍስ ከሄድሽ ጥበቃ የለሽም ማለት ግን ሌላ ነው። ያዕቆብ 3 የላይኛይቱ ጥበብ ንጽሕት፣ ታራቂ፣ ገር፣ እሺ ባይ ናት ይላል። ሰው ጥያቄ እንዳያነሣ አፉን የሚያስይዝ ምክር፣ ይዘቱ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ አመጣጡ ያስፈራኛል።

መንፈሳዊ አባት ምን መሆን እንዳለበት የምማረው ከካህኑ ከዔሊ ነው፤ ያውም ቤቱን መግዛት ካቃተው ከዔሊ። በ1ኛ ሳሙኤል 3 ብላቴናው ሳሙኤል እየተነሣ እነሆኝ፣ ጠራኸኝ ይለዋል፤ ዔሊም አልጠራሁህም፣ ተመልሰህ ተኛ ይለዋል። በሦስተኛው ጊዜ እግዚአብሔር እንደሚጠራው አስተዋለ። ያን ጊዜ እስቲ እኔ ልጠይቅልህ አላለውም፤ መልእክቱ ምን እንደሚሆንም አልገመተለትም። ሄደህ ተኛ፣ ቢጠራህም ተናገር ባሪያህ ይሰማል በል ብሎ ወደዚያው ወደ ስፍራው ሰደደው። የመጣውም ቃል በራሱ በዔሊ ቤት ላይ የተነገረ ፍርድ ነበር። ዔሊ በመካከል ቢቆም ኖሮ ሳሙኤል ያን ቃል ይሰማ ነበር? ጠዋትም ሁሉን እንዲነግረው ጠየቀው፤ ሰምቶም እርሱ እግዚአብሔር ነው፣ ደስ ያሰኘውን ያድርግ አለ።

ምሕረት ፈላጊ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለመጻፍ ያመነታሁባቸውን ሁለት ነገሮች ልጨምር። አንደኛው፣ በጉባኤያችን ሕፃናትን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ብሄድ የሚተካኝ ሰው የለም፤ መጋቢያችንም ይህ እንደሚያስጨንቃቸው አውቃለሁ። ይህን ማሰቤ ራሱ ኀጢአት ይሆንብኛል ብዬ ፈርቻለሁ። ሁለተኛው ስለ ራሴ ነው። በሥራዬ በጣም ደክሞኛል። ከሌሊት ተረኛነት ስወጣ ሕፃናቱ ወዳሉበት መሄድ ገነት ይመስለኛል። ታዲያ ጥሪ የምለው ድካሜን ቢሆንስ?

አስታማሚ

እህቴ፣ በተመሳሳይ ሙያ ላይ ስለሆንኩ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከሌሊት ተረኛነት በወጣሽበት ጠዋት ምንም አትወስኚ፤ ተኚ። ኤልያስ በ1ኛ ነገሥት 19 ነፍሴን ውሰድ ብሎ በጸለየ ጊዜ እግዚአብሔር በመጀመሪያ የላከለት እንጎቻና ውኃ ነበር፤ ሁለት ጊዜ በልቶ ተኝቶ ነው ወደ ኮሬብ የሄደው። ለስለስ ያለውን ድምፅ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

የቤርያ ሰው

ስለ መጋቢሽ ማሰብሽ ኀጢአት አይደለም፤ በሐሜት መልክ ለሌሎች ብታወሪው ግን ይሆናል። የተናጋሪውን ጥቅም መመልከት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥንታዊ ልማድ ነው። የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ትምህርት ተብሎ የሚጠራው ጥንታዊ ጽሑፍ፣ በመንፈስ ሆኖ ገንዘብ ስጡኝ የሚልን ሰው አትስሙት፣ ለሌሎች ችግረኞች ስጡ ቢል ግን ማንም አይፍረድበት ይላል። ደግሞም በመንፈስ የሚናገር ሁሉ ነቢይ እንዳልሆነ፣ ነቢይ የሚባለው የጌታ ጠባይ ያለው ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ከቃሉ ውበት ይልቅ የሰውየውን አኗኗር ይመዝናል ማለት ነው።

ነገር ግን ጥቅም መኖሩ ብቻውን ቃሉን ሐሰት አያደርገውም። አማቱ ዮቶር በዘፀአት 18 ሙሴን ሲመክረው ከልጁና ከልጅ ልጆቹ ጋር መጥቶ ነበርና ለቤተሰቡ ዕረፍት ቢያስብ አይደንቅም፤ ምክሩ ግን ትክክል ነበር። ደግሞ ዮቶር እግዚአብሔር ቢያዝህ የሚል ቃል አክሎበታል፤ የመጨረሻውን ውሳኔ ለሙሴና ለአምላኩ ተወው። መጋቢሽ ስለ ሕፃናቱ መጨነቃቸውም ተገቢ ጭንቀት ነው፤ በራሱ ስም ቢቀርብ ኖሮ ልትመልሺለት የምትችዪው ነገር ነበር። በጌታ ስም ሲቀርብ ግን መልስ የማይሰጥበት ሆነ፤ የከበደሽም እርሱ ነው።

ጸጥታ

ድካሙን በሚመለከት፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ የተማረውን ላካፍልሽ። በ1521 (እ.ኤ.አ.) በስፔን በፓምፕሎና ከተማ በተደረገ ውጊያ የመድፍ ጥይት እግሩን ሰብሮት ለወራት ተኝቶ ነበር። በዚያ ጊዜ በሁለት ዓይነት ሐሳብ ይመላለስ ነበር፤ አንዱ በቤተ መንግሥትና በጦር ሜዳ ስለሚያገኘው ክብር፣ ሌላው እንደ ቅዱሳን በድህነት ጌታን ስለ መከተል። ሁለቱም ሐሳቦች በጊዜያቸው ደስ ያሰኙት ነበር። ልዩነቱን ያገኘው ሐሳቡ ካለፈ በኋላ በቀረው ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ደረቅና ባዶ ትቶት ሲሄድ፣ የሁለተኛው ደስታ ግን ከሐሳቡ በኋላም አብሮት ይቆይ ነበር። አንቺም የምትመረምሪው ከተረኛነት ስትወጪ የሚመጣውን ስሜት ብቻ አይሁን። ዕረፍት ባገኘሽበት፣ ሥራሽም በተሳካበት፣ የዳነ ሕመምተኛ አመስግኖሽ በሄደበት ቀን ስለ እነዚያ ሕፃናት አስቢ። ያን ጊዜም ልብሽ ወደዚያው የሚያዘነብል ከሆነ ነገሩ ከድካም የተወለደ አይደለም። ሥራሽ ሲቃናልሽ ጥሪው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልግሽ የዕረፍት ፈቃድ ወይም የሥራ ክፍል ለውጥ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ማወቅም ከእግዚአብሔር የሆነ መልስ ነው።

ኢግናጥዮስ ሁለት ነገሮችን አጥብቆ ይመክራል። ነፍስ በጨለማና በሐዘን ባለችበት ጊዜ፣ በሰላሙ ጊዜ የተወሰነውን ውሳኔ አትለውጥ ይላል። መንፈሳዊ መሪውንም የሚመራውን ሰው ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው የኑሮ መንገድ እንዳይገፋ ያዝዘዋል፤ ፈጣሪ ከፍጥረቱ ጋር ራሱ እንዲነጋገር ይተውለት ይላል። የታዛዥነት መምህር ሆኖ የሚታወቅ ሰው ይህን መጻፉ ለ«ታዛዥ ልጅ»ም ደስ የሚያሰኝ ይመስለኛል።

ከዚህም ጋር ልብሽ አስቀድሞ የፈለገውን ይዘሽ እንደ ሆነ ራስሽን መርምሪ። ሕዝቅኤል 14 ጣዖቱን በልቡ አኑሮ ወደ ነቢይ ስለሚመጣ ሰው ይናገራል፤ እንዲህ ያለ ሰው የሚሰማው የሚወደውን ነው። ውሳኔውን ለሰው ትቶ ከኀላፊነት ለማምለጥ መፈለግም ከዚህ የራቀ አይደለም። አንዳንዶቻችን ወደ ነቢይ የምንሮጠው ከእግዚአብሔር ፊት ብቻችንን መቆም ስለሚያስፈራን ነው።

ምሕረት ፈላጊ

የሆነውን ልንገራችሁ። ወደ እኚያ እናት ሄጄ አባታችን እንደ መከሩኝ በአክብሮት ጠየቅኳቸው፤ «እማዬ፣ ያን ምሽት ያዩት ምን ነበር?» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ልጆች በተከፈተ በር ፊት ተቀምጠው አየሁ፤ አንቺም አጠገባቸው ነበርሽ» አሉኝ። «ሂጂ የሚል ቃል ሰምተው ነበር?» ስላቸው ዝም አሉ። ከዚያ «አይ ልጄ፣ ሂጂ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ» አሉኝ፤ ግንባሬንም ሳሙኝ። ቅንነታቸው ይበልጥ አስከበራቸው። እኔ ግን እስከ ቤቴ ስሄድ ስለዚያ በር ሳስብ ነበር፤ በጉባኤያችን የማስተምራቸውም ሕፃናት ናቸውና።

መጋቢያችንንም አነጋገርኳቸው። ስለ ሕፃናቱ ትምህርት እንደማውቅ፣ ብሄድም ባልሄድም የሚተካኝ ሰው ማሠልጠን እንደምጀምር ነገርኳቸው። ፊታቸው ፈታ አለ። ስለ ቃሉ ግን አሁንም በአቋማቸው ናቸው፤ የሰሙትን እንደ ሰሙ ያምናሉ። ስለ ሽፋን ያሉትን ግን መልሰው አላነሡትም። ዓመታዊ ፈቃዴን ከሕፃናቱ ጋር ላሳልፈው አስቤአለሁ፤ መልስ ከመስጠቴ በፊት ሥራውን በዓይኔ ላየው እወዳለሁ። እስከዚያ ድረስ ከመጋቢያችን ጋር እንዴት ልሁን? ከእርሳቸው ቃል የተለየ ውሳኔ ላይ ብደርስስ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?

ታዛዥ ልጅ

እህቴ፣ መተኪያ ለማሠልጠን መነሣትሽ ደስ አሰኝቶኛል። የጠየቅሽበትም መንገድ መታዘዝን የሚያፈርስ አልነበረም፤ ይህን ለመናገር ወደድኩ።

ጸጥታ

ልጄ፣ እስከዚያ ድረስ አገልግሎትሽን እንደ ቀድሞው ፈጽሚ፤ ከጸሎታቸውም አትራቂ። ያየሽውንና ያስተዋልሽውን ንገሪያቸው፤ ውሳኔሽ ከደረሰ በኋላ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ተጠንቀቂ፤ ለአገልግሎቱ ሰዎችም መልስ ከመስጠትሽ በፊት እርሳቸው ይወቁ።

ውሳኔሽ ከቃላቸው ቢለይ «ጌታ ደግሞ ለእኔ እንዲህ አለኝ» ብለሽ አትመልሺላቸው፤ ሁለት «ጌታ አለኝ» ፊት ለፊት ሲቆሙ ንግግሩ ያበቃል። ይልቅ ያየሽውን፣ የጸለይሽበትን ጊዜ፣ ከቃሉ ያገኘሽውንና በልብሽ ጸንቶ የቀረውን በቅደም ተከተል ንገሪያቸው፤ ተሳስቼ ከሆነም እግዚአብሔር እንዲመልሰኝ ጸልዩልኝ በያቸው። በቂሣርያ የነበሩት ወዳጆች ጳውሎስ እሺ ባላቸው ጊዜ ሳይሆን እንቢ ባላቸው ጊዜ ነው የጌታ ፈቃድ ይሁን ብለው ዝም ያሉት። ጓዛቸውን አዘጋጅተውም ከቂሣርያ ደቀ መዛሙርት አንዳንዶቹ አብረውት ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ የሚያድርበትንም ቤት አሳዩት። መጋቢሽም እንዲሁ እንዲሆኑልሽ ከአሁኑ ለምኚላቸው፤ እኔም ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።